እስከ ቡና ለቀማ ብቻ

«ዘመድ ከዘመዱ…» ብሎ ጀመረ የአክስቴ ልጅ።

«…አህያ ከአመዱ» ብዬ ጨረስኩለት። «ወደ ብሩ ከመግባታችን በፊት ግን ከሁለታችን ዘመዱ ማን፣ አህያው ማን እንደሆነ እንለይ።»

ሳቀ። ብር ሊበደር የመጣ ሰው ቀልድህ ሁሉ ያስቀዋል። ያው ቀልድ የሚመረው ብሩን ከተቀበለ ወዲያ ነው።

«ትንሽ ብር ነበር የፈለግኩት።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«80 ሺህ።»

«ትንሹ 80 ሺህ ከሆነ ትልቁን ከማን ልትወስድ ነው? ከዓለም ባንክ?»

«እስከ ቡና ለቀማ ብቻ እኮ ነው!»

«የየትኛው ዓመት?»

ለማያውቀን አንባቢ፦ አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሰኮሩን አልፈው ሰርቦ ሳይደርሱ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገደኛ ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት አይቶን ያልፋል፤ ብራችንን የወሰደ ሰውም እንደዚያው። በዙሪያችን በቆሎና ጤፍ ይታረሳል፤ ልባችን ግን አጋሮና ሊሙ ቡና ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ በእኛ አገር የዕዳ ቀጠሮ በወር ስም አይያዝም። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው፤ መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፤ ከዚያ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታህሳስ እሸት ቡናው ይቀላል፣ ይለቀማል። እናም ሠርጉም፣ የቤቱ ቆርቆሮም፣ የባለሱቁ ዱቤም «እስከ ቡና ለቀማ» ይባላል። ችግሩ የቡና ዛፍ ይህን ቃል አለመስጠቱ ነው። አንድ ዓመት ጎብጦ እስኪሰበር ያፈራና በቀጣዩ ዓመት ያርፋል። ያላረፈው ዕዳው ብቻ ነው።

ቡና ሰብሳቢ ነጋዴዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ገበሬው በክረምት ሲቸገር ብር ይሰጡታል፤ በኅዳር ቡናውን ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ ይረከቡታል። የባሰበት ደግሞ መሬቱን ወለድ አገድ ያስይዛል፤ ዕዳውን እስኪከፍል አበዳሪው አርሶ ይበላል፣ ቡናውን ለቅሞ ይሸጣል። ገበሬው አጥሩ ላይ ተደግፎ የገዛ ቡናው ሲለቀም ያያል። ይህን ያየ ሰው «ብድር» የሚለውን ነገር በቀላሉ አፉ ላይ ማምጣት የለበትም ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ገበሬ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አጥሩ ላይ የሚደገፈው በገዛ ፈቃዱ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰ? በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ4 ዶላር አለፈ። ወሬው ጅማ ሳይደርስ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ደረሰ። ጀንፈል ገዝቶ መጋዘን ሞላ፤ መግዣውን ደግሞ ተበደረ። «ገና 6 ዶላር ይገባል» አለን። ኒውዮርክን የሚያውቀው በስልክ ነው፤ ኒውዮርክ ግን እሱን ጭራሽ አታውቀውም። በክረምቱ ዋጋው ወደ 3 ዶላር ገደማ ወረደ። አበዳሪ በሩን ሲያንኳኳ በወረደው ዋጋ ሸጠ። እሱ ሸጦ ሳይጨርስ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። አገሪቱ በዚያው የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች፤ እሱ ደግሞ ከቡና አራት አበዳሪ አስገባ።

«ንግድ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል» አለኝ።

«ቡናው ወጣም ወረደም፤ አንተ ግን ወርደህ ቀረህ።»

«ብድር በምድር ነው ወንድሜ! እኔም አንድ ቀን እደርስልሃለሁ።»

«የሌላው ብድር በምድር ነው። የአንተ በሰማይ ነው የሚመለሰው።»

«ኢንሻአላህ እከፍላለሁ።»

«የአላህን መሻት አልጠራጠርም። የምጠራጠረው የአንተን ነው።»

«ወለድ እጨምርልሃለሁ።»

«ሐራም ነው ብለህ ከባንክ ያልተበደርክ ሰው እኔ ጋ ስትደርስ ሐላል ሆነልህ? ከወለድ ነፃ ከሆነ ዘምዘም አለ፣ ሂጅራ አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰበብህ ተዘግቷል።»

«እነሱ መያዣ ይጠይቃሉ።»

«እኔ ጋስ ጥርሴን ልትይዝ ነው የመጣኸው?»

እዚህ ላይ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። የአክስቴን ልጅ በአፍ ማሸነፍ ቀላል ነው፤ ችግሩ እናት አለው።

አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ በማግስቱ መጣች። ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አቦል እስኪወርድ ዝም ብላ፣ ከዚያ ጀመረች።

«ልጄን አባረርከው አሉ።»

«ኧረ አዳዳ! አላባረርኩትም። ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው።»

«ቡና! ቡና አይደል እንዴ እንዲህ ያደረገው! ሰው በመርዙ ይሸኛል?»

«አዳዳ፣ የልጅዎ ዕዳ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እናት የልጇን ዕዳ አትቆጥርም።»

«አበዳሪው ግን ይቆጥራል።»

«አንተስ መቁጠር ከመቼ ወዲህ ነው የተማርከው? ኮሌጅ የገባህ ጊዜ ብርድ ልብስ የገዛልህ ማን ነው?»

«እሱ ነው።»

«ስንት ብር ነበር?»

«120 ብር መሰለኝ።»

«መለስክለት?»

«አዳዳ፣ እሱ እኮ ብድር አልነበረም!»

«ታዲያ ዛሬ ብድር የሚሉትን ነገር ከየት አመጣኸው?»

ጀበናው ራሱ ዝም አለ። ለአክስት መልስ የሚሰጥ ምላስ በጅማ ዞን እስካሁን አልተወለደም። እኔም ቶናውን ጠጥቼ ነገሩን ሳሰላስል አደርኩ፤ አሮጊቷ ሳታውቀው ፍርዱን ጨርሳው ነበር የሄደችው። ዘመድ ለዘመድ ያደረገው ሁሉ በእኛ ቤት በብድር ስም ተመዝግቦ አያውቅም። ብርድ ልብሱም፣ የለቅሶው ድንኳንም፣ ሆስፒታል አልጋ ሥር ያደርንባቸው ሌሊቶችም። ብድር የሚባለው ነገር የሚመጣው ገንዘቡ ሲበዛ ነው። ሲበዛ ደግሞ ሰጪው ለመስጠት ይሳሳል፣ ተቀባዩ ለመለመን ያፍራል፤ ሁለቱም እፍረታቸውን «ብድር» በሚል ስም ይሸፍኑታል። አንዱ እንደማይመለስለት እያወቀ ያበድራል፤ ሌላው እንደማይመልስ እያወቀ ይበደራል። ከዚያ በየለቅሶ ቤቱ ይሸሻሻሉ። በድሮ ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ ልብሳቸው ከልብሳቸው ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ነበር፤ የውጭ ተጓዦች ፎቶ ሳይቀር አንስተዋቸዋል። ዘመድ ለዘመድ ሲያበድር ግን ሰንሰለት ማባከን ነው። አረፋ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዕድር አለ፤ ወዴት ሊሄድ?

እንዲህ ስል «ለዘመድ አላበድርም፤ መርሄ ነው» እያለ ደረቱን የሚነፋው ጎረቤቴ ያጨበጭብልኛል። አታጨብጭብ። መርህ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ብር ያለው ሰው ቤት መገኘቱ አይገርምህም? የአንተ መርህ ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የተጫነው ሰው እንደሆነ መስጊድ የምትሄድ ሰው አልሰማሁም አትበል። ያልሰማኸው እንዳታወጣ ነው።

እሺ፤ ላለማበደርና ለመርዳት ስወስን ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ባለዕዳ ዘመድ ከሁሉ የሚፈራውን ጥያቄ መጠየቅ ነበር። «ስንት አለብህ?» አይደለም፤ እሱንማ ግማሹን ነው የሚነግሩህ። ጥያቄው «ብሬ ለማን ነው የሚሄደው?» የሚል ነው።

«ለእኔ ነዋ!»

«አንተ ኪስ ውስጥ ስንት ሰዓት ያድራል?»

ዝም አለ።

«ለማን ነው የሚሄደው አልኩህ?»

ከአራቱ አበዳሪዎች ሦስቱ ደህና ሰዎች ናቸው፤ ባለሱቅ፣ ባለመኪና፣ የእቁብ ጓደኛ። ይጠብቃሉ፣ እየተቆጡም ቢሆን። አራተኛው ነው ነገሩ። 100 ሺህ ብር ሰጥቶታል፤ በወር 10 በመቶ። ከፊርማ በቀር ምንም ያልተጻፈበት ቼክ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ልጁ በወር 10 ሺህ እየከፈለ ስምንት ወር ሞላው። ስምንት ጊዜ አሥር፣ 80 ሺህ ከፍሏል። ዕዳው ዛሬ ስንት ነው? 100 ሺህ! አንዲት ብር አልነቃነቀም። አሁን ከእኔ የሚወስደው 80 ሺህስ? የሚቀጥሉት የስምንት ወር ወለድ። በስምንተኛው ወር መጨረሻ እኔ 80 ሺህ ጎድሎብኝ፣ እሱ 180 ሺህ ዕዳ ኖሮበት፣ አራጣ አበዳሪው ደግሞ ሌላ 80 ሺህ ጨምሮ እንቀመጣለን። ለዘመዴ ያበደርኩ መስሎኝ ለማላውቀው ሀብታም ደመወዝ ልከፍል ነበር ማለት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዝ መክፈል የእኔ ሥራ አይደለም፣ ተቀብሎ ማዘን ነው።

አሁን ሕጉን ተመልከቱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሰዎች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ ካልተዋዋላችሁ ወለድ የለም ይላል፤ ብትዋዋሉም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። በዓመት! ሰውየው የዓመቱን ሊሞላ ትንሽ የቀረውን በአንድ ወር ነው የሚቀበለው። አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ወንጀል ነው። በሕጉ ልክ ብናሰላው የስምንት ወሩ ወለድ 8 ሺህ ነው። ከከፈለው 80 ሺህ 8ቱን ለወለድ አንስተን 72ቱን ከዋናው ብንቀንስ የሚቀረው 28 ሺህ ነው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት።

«28 ሺህ ዕዳ ለመክፈል ነው 80 ሺህ ልትበደረኝ የመጣኸው?»

«እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም።»

«አውቃለሁ። አስበኸው ቢሆን ኒውዮርክን ትተህ አሰንዳቦን ትነግድ ነበር።»

«ግን ቼኬን ይዟል! ባንክ ከወሰደው ደረቅ ቼክ ነው፤ እታሰራለሁ።»

ይህ ፍርሃት ግን እውነት ነው፤ ተረብ አይመልሰውም። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ መጻፍ ያስከስሳል። አራጣ አበዳሪዎችም ቼኩን የሚይዙት ገንዘቡን ሊያወጡበት ብለው አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሱበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአራጣ ተከሶ የተፈረደበት አንድ ሰው ነበረ፤ ከተማው ያወጣለት ቅጽል ስም «አይኤምኤፍ» ነው። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ፊቱ በራ፤ ማምለጫ ያገኘ መሰለው።

«አይኤምኤፍ ካልክ አይቀር፣ መንግሥትስ አልከፍልም አላለም? በአገር ያልታፈረ በእኔ ይታፈራል?»

መልካም ነገር አነሳህ፣ ተቀመጥ። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. አንድ ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ። (በዓመት መሆኑን ልብ በልልኝ።) ታህሳስ 2016 ዓ.ም. ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ፤ ሳትከፍል ቀረች። እስከዚህ ድረስ አንተን ትመስላለች። በሌላው ግን አትመሳሰሉም። እሷ በቡድን 20 የዕዳ ማስተካከያ የጋራ ማዕቀፍ ገብታ ለማን ስንት እንዳለባት ዝርዝሯን ጠረጴዛ ላይ አወጣች። ያበደሯት መንግሥታት ቻይናንና ፈረንሳይን ሰብሳቢ አድርገው አብረው ተቀመጡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ እውነተኛው አይኤምኤፍ፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደላት አበዳሪዎቹ ዕዳውን እናስተካክላለን ብለው ማረጋገጫ ከሰጡ በኋላ ነው። ለምን መሰለህ? እሱ የሚያበድረው ብር ዞሮ የሌሎቹን ኪስ እንዳይሞላ! ያ ሁሉ ኢኮኖሚስት ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ የደረሰበት ነገር እኔ ለአንተ ከጠየቅኩህ አይለይም፦ ብሬ ለማን ነው የሚሄደው? በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መንግሥታቱ 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ ለማስተካከል በመርህ ተስማሙ። እነሱም ቢሆኑ ለሌላው አበዳሪ ከእኛ የተሻለ እንዳይከፈል ብለው አጥብቀው ይዘዋል። አየህ? አገርህ ስታቅታት ሁሉንም ጠራች። አንተ ግን አንዱን ከሌላው እየደበቅክ፣ ከአንዱ ወስደህ ለሌላው ትከፍላለህ። አገርህን መምሰል ከፈለግህ እስከ መጨረሻው ምሰላት።

«እሺ፣ ብር ባትሰጠኝ ዋስ ብቻ ሁነኝ።»

ይቺን «ብቻ» ተጠንቀቋት። ለቀማውም ብቻ፣ ዋሱም ብቻ! ዋስ ማለት ብሩን ሳያየው ዕዳውን የሚወርስ ሰው ነው። ሆነህም ከተገኘህ ደግሞ ሕጉ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል፤ ስለዚህ «ለሚመጣው ሁሉ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። በብድርና ቁጠባ ቡድን ውስጥ ያሉ እናቶች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። አንዷ ስትጎድል የሌሎቹ እቃ ነው የሚጎድለው፤ ስለዚህ ቡድን ሲመሠርቱ ዘመድነትን አይደለም የሚመዝኑት፣ ማን ዶሮ እንዳላት ነው።

«በቃ፣ በቴሌብር ላክልኝና ልሂድ።»

«ስልክህ ላይ የቴሌብርን ብድር፣ ‹መላ› እና ‹እንደኪሴ›ን፣ አልተበደርክም?»

«ትንሽ…»

«ያ ትንሽህ ነው የሚያስፈራኝ። እኔ ስልክ፣ ስልክህ ደግሞ ላበደረህ ሊሰጥ!»

«ወረቀት እንጻጻፍ አልልህም፤ ዘመድ ለዘመድ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ ውስጥ 282ኛው፣ ስለ ብድር ጽሑፍና ምስክር እንደሆነ ማን ይንገረው? ሕጋችንም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ብሎ ጽፎታል። «አዳዳ አይታለች» ብትል ዳኛው አዳዳን አይጠራልህም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ 500 ብር ይዘህ ኪሎ ሥጋ ብትጠይቅ ባለ ሉካንዳው ራሱ ያዝንልሃል። የሆነ ሆኖ ጽሑፍ ሲባል ዘመድ የሚቀየመው እምነት ስለጎደለው አይደለም። ቀኑ ስለሚጻፍበት ነው።

መክሰስስ? ሞክረው! መጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰው ያልነበረውን ብር ሲያወጣ አደረ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከኤቲኤሙ ፊት ተሰልፈው ነበር። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። ባንክ ነውና ይችላል። እኔ የአክስቴን ልጅ ፎቶ አሰንዳቦ መናኸሪያ ብለጥፍ አዳዳ በማግስቱ የእኔን ፎቶ አጠገቡ ትለጥፈዋለች፤ የልጅነቴን፣ ያለ ሱሪ።

ስለዚህ ያደረግነው ይኸው። ልጁ የአራቱንም አበዳሪ ስምና መጠን በእጁ ጻፈ። ግማሹን ዋሽቶ ጀመረ፤ አዳዳ ፊት ሲነበብ ሌላው ግማሽ ራሱ ወጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ለመንን፤ ከሦስቱ አንዱ ራሱ የድሮ ሰብሳቢ ነው፣ የነገሩን መንገድ ያውቀዋል። አራቱም አበዳሪዎች አንድ ቀን፣ አንድ ቤት ተጠሩ። ሦስቱ ከመምጣታቸው በፊት ማለት የሚፈልጉትን ብለው ጨርሰው ነበርና ቶሎ ተስማሙ፤ ከሚቀጥለው ጀንፈል በሦስት ጊዜ ይከፈላቸዋል፣ በቀን፣ በፊርማ። አራተኛው ዘግይቶ መጣ።

«ሕግ አታውሩብኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አናወራም፤ እንጽፋለን» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «አንተም ወለዱን ጽፈህ ፈርምልን፤ በወር 10 በመቶ ብለህ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አየው፤ አልነካውም። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ ስለ ወለድ መሆኑ ቀርቶ ስለ ወንድማማችነት ሆነ። አራጣ አበዳሪ ወንድማማችነትን የሚያስታውሰው እስክሪብቶ ሲያይ ነው። በ35 ሺህ ተፈታ። ሕጉ 28 ይል ነበር፤ ሰባቷ ሺህ የሽማግሌ ሰላም ናት፤ ስትከፈል አንገብግባኛለች፣ ግን ፍርድ ቤት ብንመላለስ ለትራንስፖርት ታልቅ ነበር። 20 ሺሁን አዳዳ ጊደር ሸጣ አመጣች። 15 ሺሁን እኔ ሰጠሁ። ሰጠሁ ነው የምለው። ለልጁ አይደለም፤ በሽማግሌዎቹ እጅ፣ ቼኩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ተቀዳዶ።

«ይሄን 15 ሺህ እስከ ቡና ለቀማ…» ብሎ ሊጀምር ሲል አዳዳ አፉን ያዘችው።

በቀረው ነገር ልጁ አሁንም ሦስት ዕዳ አለበት፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት የኒውዮርክን ዋጋ በስልኩ ያያል። እኔ ግን አላበደርኩትም፣ ልቀየመውም አልችልም። ሠርግ ላይ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን።

አንባቢዬ፣ በዕዳ የተዘፈቀ ዘመድህ ነገ በርህን ያንኳኳል። አታበድረው። ዝርዝሩን ጠይቀው፤ ዝርዝሩን ካመጣ ከአበዳሪዎቹ ፊት አብረኸው ተቀመጥ፣ ቢመለስም ባይመለስም የማይቆጭህን ያህል ስጠው፤ ብሩ ከእጅህ ሲወጣ ለማን እንደሚደርስ በዓይንህ እይ። ዝርዝሩን ካላመጣ ቡና አፍልተህ ሸኘው። እናቱ ከመጣች ግን እኔን አትጥራኝ፤ የራስህን አክስት ራስህ ቻላት።